ቴሬሬም ውሃ ነው

ዶን አንሴልሞ ሆስፒታል በገቡ ማግስት የረዳት ነርስ ተማሪዋ ዙኒልዳ ለሚስታቸው ያልነገረቻቸው ነገር አልነበረም፤ ከአንዱ በቀር። ያ አንዱ ነው ኋላ ሰውየውን የሞት አፋፍ ላይ ያደረሳቸው።

ሽማግሌው የመጡት ስትሮክ መትቷቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሸንኮራ አገዳ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ሰው ነበሩ አሉ። አሁን ግን ቀኝ ጎናቸው ዝሏል፣ አንደበታቸው ተይዟል። ከሁሉ የባሰው ጉሮሯቸው ነበር። ለስለስ ያለ ምግብ በማንኪያ ሲሰጧቸው እንደምንም ይወርድላቸዋል፤ ቀጭን ፈሳሽ የሆነ እንደሆነ ግን ሆድ መግባቱን ትቶ ሳንባ ይገባል። ሳንባ ደግሞ እንግዳ አይወድም። ስለዚህ የሚጠጡት ሁሉ ዱቄት ተጨምሮበት፣ እንደ አጥሚት ወፍሮ፣ በማንኪያ ብቻ ይሰጣቸው ተባለ።

ዙኒልዳ ይህን አሳምራ አስረዳች። አልጋው ከራስጌ እንዴት ቀና እንደሚል፣ አገጫቸው እንዴት ወደ ደረታቸው ዝቅ እንደሚል፣ ከበሉ በኋላ ለምን ቶሎ እንደማይተኙ አሳየች። ከዚያ በጣቷ እየቆጠረች፣ “ውሃ የለም ዶኛ ብላሲዳ። ጭማቂ የለም። ወተትም፣ ሾርባም፣ ለስላሳም የለም። ዱቄቱ ያልገባበት ፈሳሽ በአፋቸው አይዙር። ገባዎት?” አለች።

ዶኛ ብላሲዳ የባላቸውን እጅ እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ገባኝ ልጄ። ጠብታ ውሃ አታልፍም” ብለው አማተቡ። ቀጥለው በረዶ ከየት እንደሚገኝ ጠየቋት። ዙኒልዳም ወጥ ቤት ወርዳ አንድ ሳህን በረዶ ይዛላቸው መጣች። ምን ሊያደርጉበት ነው ብላ አልጠየቀችም።

ማንስ ይጠይቃል? ፓራጓይ ውስጥ ሰው በረዶ ሲፈልግ ለምን እንደሚፈልገው የሚጠይቀው ሞኝ ብቻ ነው። ለቴሬሬ ነዋ። ዬርባ የሚባለውን ደረቅ ቅጠል በቀንድ ዋንጫ ይሞሉታል፣ መድኃኒት ቅጠል የተወቀጠበትን የበረዶ ውሃ ከፔርሙዝ ያፈሱበታል፣ በብረት መምጠጫ ይስቡታል፣ ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ታዲያ ውሃ ጠማኝ ብሎ ቴሬሬ የሚጠጣ ሰው እኔ አላየሁም። ለጨጓራ ይጠጣል፣ ለኩላሊት ይጠጣል፣ ለንዴት ይጠጣል፣ ከሁሉም በላይ ለወሬ ይጠጣል። ሐኪም ፈሳሽ ቢከለክለው የዚህ አገር ሰው ውሃውን እሺ ብሎ ያቆማል፤ ቴሬሬውን ግን አየር እንደመሳብ ነው የሚቆጥረው፤ ተከለከልኩ ብሎም አያስብም። ዙኒልዳ ራሷ የሆስፒታሉ በር ላይ መድኃኒት ቅጠል ከምትሸጥ እናት የተወለደች፣ ዘነዘና ይዛ ያደገች ልጅ ናት። ከእነዚያ ከቆጠረቻቸው መጠጦች መካከል ቴሬሬ አለመኖሩ ትዝም አላላት።

እሷ ደግሞ መርሳት የማይገባት ሰው ነበረች። አምና በልምምድ ላይ ሳለች የአንዲት አሮጊት አልጋ አጥር ሳታነሳ ዞር ብላ፣ አሮጊቷ ሳይወድቁ እሷ ከፈተናው ወደቀች። ዘንድሮም ከወደቀች ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ አይመዘግባትም። የምትፈትናት ሲስተር ኒሚያ ነበረች። ተማሪዎቹ በጀርባዋ “ጉምሩክ” ነው የሚሏት፤ ሳትፈትሽ አታሳልፍማ። የአልጋውን ፍሬን በእግሯ ነካ ታደርጋለች፣ የታጠበ እጅ ታሸታለች፣ “የበሽተኛውን ስም ከአምባሩ ላይ አይተሻል ወይስ ፊቱን አይተሽ ነው?” ትላለች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ዙኒልዳ ላይ ጉምሩክ ራሷም የምታገኘው ጥፋት ጠፋ። ሽማግሌውን ስታጥብ መጋረጃውን ትጋርዳለች። ተረከዛቸውና ወገባቸው እንዳይቆስል እያገላበጠች ታያለች። አፋቸውን በለስላሳ ብሩሽ ታጸዳላቸዋለች። ዶኛ ብላሲዳ ይህን እያዩ ይስቃሉ። ይኸን ያህል ዘመን አብሬው ስኖር ጥርሱ ስንት እንደሆነ ያወቅኩት ገና አሁን ነው፣ እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ያኔ ሲጠይቀኝ አስብበት ነበር ይላሉ። ዶን አንሴልሞ በደህናው ግራ እጃቸው አልጋውን መታ መታ ያደርጋሉ። የሳቃቸው ምልክት ይኸው ነበር። ዙኒልዳ ወደደቻቸው። ጠዋት ስትገባ ያ እጅ አልጋውን መታ ሲያደርግላት ቀኗ ይበራል።

አንድ ጠዋት እጁ አልተንቀሳቀሰም። ሽማግሌው ትኩሳት ይዟቸዋል፤ ትንፋሻቸው አጥሯል፤ ሲያቃስቱም ድምፃቸው ውሃ የያዘ ይመስላል። ዶክተሩ ደረታቸውን አዳመጠና የሳንባ ምች ነው አለ። ፈሳሽ ሰጥታችኋቸዋል ወይ ብሎ ሲጠይቅ ዶኛ ብላሲዳ በካኩፔዋ ድንግል ማርያም ማሉ፤ ጠብታ አላለፈችም። መሐላቸው ከአንጀት ስለነበር ዶክተሩም አመናቸው። መርፌ ታዘዘ፣ ኦክስጅን ተሰካ፤ በሽታው ከየት እንደመጣ ግን ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

ዙኒልዳ ያወቀችው በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ሙቀት ልትለካ ስትገባ ነው። ዶኛ ብላሲዳ በጠራራ ብርሃን፣ በሩ ክፍት እንደሆነ፣ ዋንጫውን ባላቸው ከንፈር ላይ ደግነውላቸዋል። መደበቅ የለም፣ መደንገጥ የለም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ይስባሉ። ሳቡና ትን አላቸው፤ ሳሉ እንኳን በወጉ አልወጣላቸውም፣ ውስጥ ቀረ። ዶኛ ብላሲዳ አፋቸውን ጠረጉላቸው፣ ዋንጫውን እንደገና ሞሉ፣ ዙኒልዳን ደክሞሻል እንኪ ልጄ ብለው ዘረጉላት።

እጇ ተቀበለ። እጅ የለመደውን ያደርጋል። መምጠጫው ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ነው ነገሩ የገባት።

“ይህን ነው የሚሰጧቸው?” አለች።

“ይኼ ቴሬሬ ነው እኮ ልጄ” አሉ ዶኛ ብላሲዳ፣ ግራ ገብቷቸው። “ፈሳሽ የተባለውንማ አልሰጠሁትም። ቅጠሉንም የምገዛው ከእናትሽ ነው፤ ትኩሳቱ ይበርድለታል ብላኝ።”

ዙኒልዳ ዋንጫውን አስቀመጠች። እንደተማረችው መጀመሪያ ሽማግሌውን ቀጥ አድርጋ አስቀመጠች፣ ትንፋሻቸውን አየች፣ ከዚያ ሲስተር ኒሚያን ጠራች። ቴሬሬ ሲጠጡ አገኘኋቸው አለች። እስከዚህ ድረስ እውነቷን ነው። የቀረውን ግን አልተናገረችም። ከከለከለቻቸው መጠጦች ውስጥ ቴሬሬን አልጠራችም፤ በረዶውን በየቀኑ ያመጣችው እሷ ናት፤ ፔርሙዙንም ራስጌ ያለው ኮመዲኖ ላይ ዕለት ዕለት እያየች አልፋዋለች። የጠየቃት ሰውም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው አያምርም። ዶክተሩ ተቆጣ፤ ዶኛ ብላሲዳ ከጥየቃ ሰዓት ውጭ እንዳይገቡ አለ። ልጃቸው ዴርሊስ እጁ ግራሶ እንደሆነ ከሚሠራበት ጋራዥ እየሮጠ መጣና ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። በኮሪደሩ ሰው ሁሉ ፊት እናቱን፣ “አባዬን በገዛ እጅሽ አሰመጥሽው” አላቸው። ዶኛ ብላሲዳ ፔርሙዛቸውን አቅፈው ወጡ። ሲስተር ኒሚያ ደግሞ ተማሪዎቹን ሰብስባ፣ ዓይን ማለት ይህ ነው፣ ዙኒልዳ ባታይ ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው አለች። ከዚያች ሴት አፍ ስንት ዓመት ምስጋና ተሰምቶ አያውቅም። ተማሪዎቹ ተያዩ። ዙኒልዳ ጆሮዋ ሥር ድረስ ነደደች፤ ያንን ምስጋና ከምሰማ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር አለች በሆዷ።

ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ጋ ወጣች። እናቷ ሙቀጫዋን ይዛ ጥላዋ ሥር ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ያለው በርጩማ ባዶ ነው። ዶኛ ብላሲዳ ከረፋዱ ጀምሮ እዚያ ቁጭ ብለው ቆይተው ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን መሄዳቸው ነበር። እናቷ መውቀጧን ሳታቆም፣ ሴትየዋ አሳዘኑኝ አለቻት። “ሲያለቅሱ ዋሉ። አንቺን ግን ሲያመሰግኑ አፋቸው አልቦዘነም። ልጅሽ ሁሉን አጥርታ ነግራኝ ነበር፣ ያልገባኝ እኔ ደደቧ ነኝ ይላሉ። በረዶ እንኳን ሳትሰለች ታመጣልኝ ነበር አሉ።”

ዙኒልዳ ምሳዋን አልበላችም። እናቷ የቀቀለችላትን ካሳቫ እንደተጠቀለለ መልሳ ሰጠቻት። እውነቱን ተናግራ ብትወድቅ ትምህርቷ እዚህ ያበቃል፤ ዝም ካለች ደግሞ የነርስ ጋዋኗን ለብሳ፣ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፎ፣ ዕድሜ ልኳን በዚያ በር ስትገባ ያን በርጩማ ታያለች። ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ሲስተር ኒሚያ መድኃኒት ክፍል ውስጥ ብልቃጥ ስትደረድር አገኘቻት። ዙኒልዳ በሩን ዘግታ ሁሉንም ተናገረች። ስትናገር ወለሉን ነበር የምታየው።

“ለምን ነገርሽኝ?” አለች ሲስተር ኒሚያ። “ማንም አላወቀብሽም እኮ።”

“ልጃቸው አያናግራቸውም። ጥፋተኛዋ ደግሞ እኔ ነኝ።”

ሲስተር ኒሚያ መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጫፍ ጠረገች። ፔርሙዙ የት ነበር የሚቀመጠው ብላ ጠየቀች። ኮመዲኖው ላይ። እኔስ በየጠዋቱ በዚያ አላልፍም ነበር? ያልፉ ነበር። ዶክተሩስ ሲያዳምጣቸው ማዳመጫውን የት ነበር የሚያስቀምጠው? ዙኒልዳ አሰበችና፣ ፔርሙዙ አጠገብ አለች። ሲስተር ኒሚያ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት።

“ልብ ካላየ ዓይን አያይም” አለች። “ስንታችን ነን ያን ዕቃ አይተን ያላየነው? ዶክተሩ ራሱ ቢሮው ውስጥ አለው፤ እሱም የሚያፈሰው ውሃ መሆኑን ረስቷል። ግን ይህን ሰምተሽ ደስ እንዳይልሽ። ያንቺ ጥፋት ያንቺ ነው። ገባዎት ብለሽ ጠየቅሽ። አንቺ ልጅ፣ ገባዎት ሲባል አልገባኝም ያለ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? መልሰው እንዲነግሩሽ ነበር ማድረግ የነበረብሽ። በረዶው ለምን እንደሆነ ያኔ ራሳቸው ይነግሩሽ ነበር።”

ማለፍ መውደቅሽን ሽማግሌው ከዚህ ሲወጡ እናያለን አለቻት ቀጥላ። ለዶክተሩ እኔ እነግረዋለሁ፤ ለልጃቸው ግን አንቺ ትነግሪዋለሽ፤ አብሬሽ እቆማለሁ፤ አፍ ግን አልሆንልሽም።

ዴርሊስ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ሰማት። ጮኾ ይሰድበኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ያለው ነገር እሷም ሲስተር ኒሚያም ያላሰቡት ነበር። “እኔም እሁድ ዕለት ከሱ ጋር ጠጥቻለሁ። ተራዬን ጠጣሁ፣ ሞልቼ ለሱ ሰጠሁት። እናቴን ስሰድባት እንኳን ትዝ አላለኝም።” ባርኔጣውን አጠለቀና ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ እናቱን ምን እንዳላቸው የሰማ የለም፤ ሲመለሱ ግን ክንዳቸውን ይዟቸው ነበር፤ ዶኛ ብላሲዳም የገዛላቸውን ቺፓ ቂጣ እየገመጡ፣ ጨው በዝቶበታል እያሉ ይነጫነጩ ነበር።

ዶክተሩም ክልከላውን አነሳ፤ ትንሽ አፍሮም ነበር ይባላል። ዙኒልዳ ቤተሰቡን ከአዲስ አስቀምጣ አስረዳች። በዚህ ጊዜ ገባችሁ አላለችም፤ ዶኛ ብላሲዳ፣ እኔን አዲስ ነርስ ናት ብለው ያስቡና ያስተምሩኝ አለቻቸው። ሴትዮዋ ወዲያው ቆጣ አሉና ጣታቸውን ቀስረው ያስተምሯት ጀመር። ጭማቂ የለም፣ ወተት የለም፣ ቴሬሬ የለም፣ ዬርባው በሙቅ ውሃ የሚጠጣበት ማቴም የለም፣ ሲያማትብ ጸበል እንኳን የለም፣ ቄሱ ቢቆጣ እኔ አለሁ አሉ። ዴርሊስ ሳቀ። መርፌው ሥራውን ሠራ፤ ትኩሳቱ ወረደ፤ ኦክስጅኑ ተነቀለ። እሰይ ተባለ።

ነገር ግን ዶን አንሴልሞ አፋቸውን ዘጉ። ሾርባው ወፍሮ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ዙኒልዳ ብትለምን፣ ሚስት ብትቆጣ፣ ልጅ ቢያባብል፣ ከንፈር አይከፈትም። ግራ እጃቸውም አልጋውን መምታት ትቷል። አንድ ሰው ብልህ ነኝ ብሎ ቴሬሬውን ራሱን አወፈረላቸው። ያንን ግን ተቀበሉ፤ ተቀበሉና ሲስተር ኒሚያ ነጭ ጋዋን ላይ ተፉት። ዶኛ ብላሲዳ፣ ደግ አደረገ፣ ቴሬሬ በማንኪያ ያቀረበልኝን ሰው እኔም ብሆን አልምረውም አሉ። ሳቁ ግን አልቆየም። ሽማግሌው እየከሱ ነው፤ ዶክተሩም በአፍንጫቸው ቱቦ መክተት ሳያስፈልገን አይቀርም አለ። ቱቦ ከገባ እጃቸው እንዳይነቅለው ሊታሰር ነው። ዙኒልዳ ያን ስታስብ እዚህ ያደረሳቸው የኔ በረዶ ነው ትላለች።

ከሰዓት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ግቢው፣ ማንጎው ዛፍ ሥር ታወጣቸው ነበር። አንድ ቀን እዚያ ሆነው ዓይናቸው ወዴት እንደሚያይ አየች። ከበረንዳው አምድ ኋላ ሚስታቸውና ልጃቸው ተደብቀው እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። ለሳቸው ብለው ነው፤ በጾመኛ ፊት ሥጋ አይጠበስም ብለው። ዶን አንሴልሞ የዋንጫው ጫፍ ብቅ ጥልቅ ሲል እያዩ ቆዩና አንገታቸውን ደፉ። እኚህ ሰው የጠማቸው ውሃ አይደለም አለች ዙኒልዳ በልቧ። ቤተሰባቸው ከሳቸው ተደብቆ ክብ ሲሠራ አይተዋል፤ እንዲህ ሆኖ መኖር ምን ይሠራልኛል እያሉ ነው።

ሲስተር ኒሚያ ጋ ሄዳ ያሰበችውን ነገረቻት። ሽማግሌው አይጠጡም፤ ግን ያፍሱ። በዚህ አገር ቴሬሬ የሚያፈሰው ከክቡ ሁሉ ትንሹ ልጅ ነው፤ አዛውንት ተቀምጦ ይቀበላል እንጂ ፔርሙዝ አይነካም። ዶኛ ብላሲዳ ሲሰሙ፣ በሰባ ዓመቱ ወደ ልጅነቱ ልትመልሱት ነው ብለው አፋቸውን ያዙ። ሲስተር ኒሚያ ግን አሰበችበት። የደከመው ቀኝ እጃቸው ሥራ ያገኛል፤ ዋንጫውን ግን ወደ አፋቸው ሊያስጠጉት ይችላሉ። “ቢያስጠጉት ምን ታደርጊያለሽ?” አለች።

“ተራቸው ሲደርስ የሚሰጣቸው ነገር ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አልነጥቃቸውም፤ እነግራቸዋለሁ።”

“እነግራቸዋለሁ” ብላ ደገመችው ሲስተር ኒሚያ። ከዚያ፣ እንግዲህ ሁሉም የየራሱን መምጠጫ ይያዝ፣ በአንድ ብረት መላ ቤተሰብ የሚስብበት ዘመን አልፏል፣ እኔም እመጣለሁ አለች።

ማንጎው ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ዙኒልዳ የሽማግሌውን አፍ አጽድታ፣ ቀጥ አድርጋ አስቀምጣ፣ የወንበሩን ፍሬን ረግጣ፣ ናና የገባበትን ቀዝቃዛ ወፍራም መጠጥ በሳህን ይዛ ተቀመጠች። ዴርሊስ ፔርሙዙን አባቱ ጭን ላይ አኖረው። ዶን አንሴልሞ ፔርሙዙን አዩ፤ ሰዎቹን አዩ። ቀልድ ነው እንዴ የሚሉ ይመስላሉ። ማንም አልሳቀም። ቀስ ብሎ ያ የዛለ ቀኝ እጅ በግራው እየተረዳ ተነሳ። የመጀመሪያው ዋንጫ ግማሹ ብርድ ልብሳቸው ላይ ፈሰሰ። ዶኛ ብላሲዳ ተቀበሉ፣ የራሳቸውን መምጠጫ ከተቱ፣ ጠጡ፣ መለሱ። ዴርሊስ ጠጣ፣ መለሰ። ሲስተር ኒሚያ ከኪሷ የብር መምጠጫ ስታወጣ ዴርሊስ በስንት ትግል ሳቁን ዋጠ፤ ጉምሩክ ራሷ ኮንትሮባንድ ይዛ ስትገኝ ማን አይስቅም።

ከዚያ ዋንጫው ተመልሶ ሽማግሌው እጅ ላይ ቀረ። ተራው የሳቸው ነው። ሞሉት። ከደረታቸው ከፍ አደረጉት። ዶኛ ብላሲዳ እጃቸው ሊነሳ ሲል ሲስተር ኒሚያ በዓይኗ ያዘቻቸው። ዙኒልዳ አሁን ነጥቃ ብትወስድባቸው እንደገና አፋቸው እንደሚዘጋ ታውቃለች፤ ዝም ብትል ደግሞ ሌላ የሳንባ ምች ሊመጣባቸው ነው።

“ዶን አንሴልሞ” አለች በቀስታ፣ “የእርስዎ ተራ አልተዘለለም። የእርስዎ ግን በማንኪያ ነው። እንዲህ ያለው ባለፈው ሳንባዎት ገብቶ ነው ያሳመመዎት፤ ያኔ ያልነገርኩዎት እኔ ነኝ።”

ሽማግሌው አዩዋት። ዋንጫውን አዩ። ከዚያ ሚስታቸውን ረጅም ጊዜ አዩ። ዋንጫው ቀስ እያለ ወርዶ ጭናቸው ላይ አረፈ፤ አፋቸውም ተከፈተ። ዙኒልዳ አገጫቸውን ዝቅ አድርጋ ማንኪያዋን ሰጠች፤ ጉሮሯቸው ወጣ ወረደ እስኪል ጠበቀች። ዋጡ። ደግማ ሰጠች፤ ዋጡ። ዶኛ ብላሲዳ በሻርፓቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ማልቀሳቸውን ማንም እንዲያይባቸው አልፈለጉም።

ዶን አንሴልሞ እንደገና ሞሉ። ቀጥላ የተቀመጠችው ዙኒልዳ ናት፤ እሷ ግን ልታበላ እንጂ ልትጠጣ አልመጣችም፤ ማንም አልቆጠራትም። ዴርሊስ ዋንጫውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው ዋንጫውን ወደ ኋላ ሳቡበት። ግንባራቸው ተኮማተረ፤ ከንፈራቸው ታገለ፤ ስትሮክ ከያዛቸው ጀምሮ አንድም ቃል ያልወጣበት አፍ፣

“ተራህ... አይደለም” አለ። “የሷ ነው።”

ዴርሊስ እጁ አየር ላይ ቀረ። ዶኛ ብላሲዳ ተነስተው ተቀመጡ፣ ደግመው ተነሱ። “ተቆጣ” አሉ፣ እየሳቁም እያለቀሱም። “ባሌ ተቆጣ። ተመልሶልኛል።”

ዋንጫው ዙኒልዳ ፊት ተዘርግቷል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ውሃው በጠርዙ ይንጠባጠባል። እንባዋ መጣ። መምጠጫ እንኳን አልያዘችም። ሲስተር ኒሚያን አየቻት፤ ሲስተር ኒሚያ የራሷን መምጠጫ ኪሷ ከተተች።

“የኔን አልሰጥሽም። ሂጂ ከእናትሽ አምጪ” አለች። ዙኒልዳ ሳህኑን አስቀምጣ በግቢው ወደ በሩ ስትሮጥ ያቺው ድምፅ ከኋላ ተከተላት፤ “ቀስ በይ። ነርስ ሆስፒታል ውስጥ አትሮጥም።”

ዴርሊስ አባቱን፣ እስክትመጣ እኔ ልጠጣውና ሌላ ትሞላላታለህ አላቸው። ዶን አንሴልሞ ግን ዙኒልዳ እስክትመለስ ድረስ ዋንጫውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ጠበቋት።